ደብዳቤ ለልጄ፦ ክፍሉን ሳታይ አትግዛ

ለምወድህ ልጄ፣

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለዶርም ክፍልህ ልትገዛ ያሰብካቸውን ዕቃዎች ጽፈህ የላክኸውን ዝርዝር አየሁት። 43 ዕቃ ነው። እህትህ እንደነገረችኝ ደግሞ ግማሹን ስልክህ ላይ መርጠህ ጨርሰሃል፤ የቀረህ የኔ «እሺ» ብቻ ነው። በስልክ ብነግርህ «ገባኝ እማ» ብለህ እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ ጻፍኩልህ። ዝርዝሩን እንዳለ አልጣልኩትም። ግን ክፍሉን ሳታይ አትግዛ። ይህን ደጋግሜ ብልህ አትሰልቸኝ።

ከአንሶላው ልጀምር። የአንድ ሰው ፍራሽ ሲባል ልኩ አንድ ይመስልሃል። 90 በ190 ሴንቲ ሜትር አለ፣ 90 በ200 አለ፣ 97 በ203 የሆነም አለ። ባለ ላስቲክ አንሶላ 10 ሴንቲ ሜትር ካጠረ ማዕዘኑን አይዝም፤ ሌሊት ስትገላበጥ ይነቀልና ጠዋት ከወገብህ ሥር ተጠቅልሎ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ከቤት ላስቲክ የሌለው ሰፊ አንሶላ ይዘህ ትሄዳለህ፤ እሱ ለየትኛውም ፍራሽ ይታጠፋል። ሁለተኛውን እዚያ ለክተህ ትገዛለህ። ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። ሦስተኛ የሚገዛው ማጠብ የማይወድ ሰው ነው፣ አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍም እንዲሁ ነው። ብረቱ ወፍራም የሆነውን መርጠሃል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የማያያዣው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ አይገባም። ቀዳዳውን አይተህ ከሚገባው ውስጥ ወፍራሙን ግዛ። ሁለት መክፈቻ አለው፤ ትርፉን እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፍበት። አትሳቅ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ለመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልግህ በአንድ ሻንጣና በአንድ የጀርባ ቦርሳ ይገባል፦ አንሶላው፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ የሰባት ቀን የውስጥ ልብስና ካልሲ፣ የሻወር ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ቻርጀር፣ መድኃኒት፣ የጆሮ መድፈኛ። ፎጣውን ቀጭን አድርገው። ወፍራሙ ሱቅ ውስጥ ሲዳስሱት ያምራል፤ አየር በማያገኝ ክፍል ግን እስከ ማግስቱ አይደርቅም። እርጥቡን ቁም ሳጥን ውስጥ ከዘጋህበት ባክቴሪያ ይራባበትና አጥበኸውም በቀላሉ የማይለቅ ሽታ ይይዛል። የጆሮ መድፈኛውን በ43ቱ ውስጥ አላየሁትም፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ የምታመሰግነኝም በእሱ ነው። የትምህርት ማስረጃዎችህን ዋናውን ከጀርባህ በማይወርደው ቦርሳ፣ ኮፒውን በሻንጣው አድርግ። ከመሄድህ በፊት ሁሉንም ስካን አድርገህ ለራስህም ለኔም በኢሜይል ላክ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። የመረጥከው የጌም ላፕቶፕ ብቻውን ከበጀትህ ከግማሽ በላይ ይበላል። ይከብዳል፣ ማራገቢያው ላይብረሪ ውስጥ ያሳፍርሃል፣ ባትሪው ከሰኩት ቦታ ብዙ አያርቅም። ዋናው ነገር ደግሞ የትምህርት ክፍልህ ምን እንደሚጠይቅ ገና አለማወቅህ ነው። ባለ ሦስት አውታር ንድፍ የሚሠራ ተማሪ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ለሚያነብ፣ ለሚጽፍና ፕሮግራሚንግ ለሚጀምር ግን አያስፈልግም። የትምህርት ክፍልህን ወረቀት ሳታይ ይህንንም አትግዛ።

የኔን አስተያየት ከፈለግህ፣ ከድርጅት የወጣ ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ ላፕቶፕ ፈልግ። የተሠሩት ለሥራ ስለሆነ አብዛኞቹ ይፈታሉ፤ ባትሪና ኪቦርድ ይቀየርላቸዋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ አይውረድ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ትውልዱን ከስሙ ታነበዋለህ፦ አይ5-8250 ካለ 8ኛ ነው፣ አይ5-7200 ካለ 7ኛ። ሻጩ «አይ7 ነው» እያለ ቢያሞግስልህ አትታለል፤ የ4ኛ ትውልድ አይ7ም አለ። ራም፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማህደር፣ 16 ጊጋባይት ይሁን። 8 ብቻ ካለው መጨመሪያ ቦታ እንዳለው ጠይቅ፤ አንዳንዱ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ እንደተገዛ ይቀራል። ማከማቻው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት መሆን አለበት፣ 256 ጊጋባይት ቢያንስ።

ታጥፎ የነበረውን ላፕቶፕ ሻጩ ፊት ለፊት ከፍተህ እይ፤ ማጠፊያው ቢላላ ወይም ሲከፈት ጥግ ላይ ፕላስቲኩን ቢያነሳ ተወው። አጥፍተህ አስነሳና ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ ግባ፤ የማታውቀው የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ዋጋው ምንም ቢረክስ አመስግነህ ሂድ። ቀጥሎ ከኮማንድ ፕሮምፕት፣ ትእዛዝ ከሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት፣ የባትሪ ሪፖርት አውጣ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው ተጽፈዋል፤ 50,000 የነበረው 30,000 ከሆነ 60 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስልህ። የኪቦርዱን ፊደል አንድ በአንድ ምታ። ፍላሽ በሁሉም ቀዳዳ ሰካ። 20 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውትና ሙቀቱን በእጅህ፣ ማራገቢያውን በጆሮህ አዳምጥ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሻጩ ቢቆጣ፣ መልሱን አገኘህ።

ሶፍትዌር አትግዛ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በተሰጠው ኢሜይል ማይክሮሶፍት 365ን በነፃ ይከፍታሉ፤ ያንተ ባይከፍት እንኳ ሊብሬኦፊስ የሚባል ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም አለ። የምትጽፈውን ሁሉ በሦስት ቅጂ ያዝ፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከክፍልህ ውጭ ኢንተርኔት ላይ። ላፕቶፑንና ሃርድ ዲስኩን በአንድ ቦርሳ ይዞ የሚዞር ሰው ሌባ ሲመጣ ሁለቱንም ነው የሚሸኘው።

አጎትህ እንዴት እንደነበረ ታውቃለህ። ያ አረንጓዴ ሳጥን፣ ዛሬ አያትህ በረንዳ ላይ ድመቶቹ የሚተኙበት፣ የእሱ የዩኒቨርሲቲ ሳጥን ነው። አያትህ ያላትን ሁሉ አውጥታ ሞላችለት፤ ሳህን ሳይቀር፣ የበር መጋረጃ ሳይቀር። ዶርም ሲደርስ ሳጥኑ አልጋው ሥር አልገባም። አራት ጣት ያህል ረዘመ። ሌላ ቦታ ስለሌለ መሀል ክፍሉ ላይ ቆመ፣ የክፍሉ ልጆችም ወንበር አደረጉት፤ ካርታ እንኳ የሚጫወቱት በላዩ ላይ ነበር። ካልሲ ለማውጣት ሦስት ሰውን «ተነሱልኝ» ማለት ነበረበት። እሱን እያነሳን ስንስቅ ኖረናል። የማንስቅበት ግን አለ፦ ገንዘቡ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ስለገባ በሁለተኛው ወር ለፎቶ ኮፒ አጣ፣ «ይህን ሁሉ ገዝታልኝ እንዴት እጠይቃታለሁ» ብሎ ዝም አለ። የመጀመሪያ ፈተናውን ያለ ሀንድአውት ተቀመጠ። አያትህ እስከ ዛሬ «ለምን አልነገርከኝም» ትለዋለች፣ እሱም እስከ ዛሬ መልስ የለውም። አንተ ግን ገንዘብ ሲያጥርህ ንገረኝ። እቆጣለሁ፣ አልዋሽህም። ቁጣው ግን አንድ ሌሊት አያድርም።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አንድ ግዛ፣ ጥሩውን። ላዩ ላይ 10 አምፔር ካለ፣ በ220 ቮልት 2,200 ዋት ነው የሚችለው። ውሃ ማፍያ ብቻውን 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ካውያ ከጨመርክበት ሽቦው ይግላል፣ ሽቦውን ጠቅልለህ ካስቀመጥከው ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱ ይቀልጣል። ማከፋፈያን በማከፋፈያ ላይ አትሰካ። ውሃ ማፍያውንም ደንቡን ሳታነብ አትግዛ፤ ብዙ ዶርም ይከለክለዋል፣ ይወረሳል። የሚፈቀድ ከሆነም የክፍሉ ልጆች ሳይመጡ አትግዛ፤ አራት ሆናችሁ አራት ማፍያ ታመጣላችሁ። ስትነጋገሩም አንዱን ዕቃ በጋራ አታዋጡ፤ አንዱ ማፍያ፣ አንዱ መጥረጊያ፣ አንዱ ማከፋፈያ ሙሉውን ይግዛ። ዓመቱ ሲያልቅ ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ አትጣሉም።

ፓወር ባንኩን ከ20,000 ወደ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አውርደው። የተጻፈው ሁሉ ወደ ስልክህ አይደርስም፤ ኃይሉ ሲቀየር ሲሶ ያህሉ በመንገድ ይቀራል። 10,000ው ግን ባለ 5,000 ስልክህን አንድ ጊዜ ሞልቶ ይተርፈዋል፣ ለአንድ ቀን ይበቃሃል።

መጽሐፍ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሳትማር አትግዛ። መምህሩ በኮርሱ ወረቀት ላይ «አጋዥ» ያለው አይገዛም፤ ላይብረሪ ገብተህ ታነበዋለህ። ዋናውም ቢሆን ያለፈው እትም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የሚለዋወጠው የመልመጃው ቁጥር ስለሆነ አዲሱ ካለው ጓደኛህ የጥያቄዎቹን ገጽ ፎቶ አንሳ። ለኦንላይን መልመጃ ኮድ ያለው መጽሐፍ ከሆነ ግን ያገለገለ አትግዛ፣ ኮዱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አይከፍትም። ለፊዚክስ፣ ለካልኩለስ፣ ለኬሚስትሪና ለኢኮኖሚክስ ከራይስ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ከኦፕንስታክስ መጽሐፎቹን በነፃ ታወርዳለህ። ካልኩሌተርም ፈተና ላይ የሚፈቀደውን ሞዴል ሳትጠይቅ አትግዛ።

መድኃኒቱን እኔ አዘጋጅልሃለሁ። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳታልፍ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ጀርባውን ሳታነብ ሁለቱን አትደርብ፤ የሚጎዳው ጉበትን ነው። ለተቅማጥ የሚሆነውን ኦአርኤስ፣ የጨውና የስኳር ዱቄቱን፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጥ። በትንሽ ውሃ ካወፈርከው ያባብሰዋል።

ገንዘቡ። የሴሚስተሩን ስልክልህ መጀመሪያ የመመለሻ ትራንስፖርትህን አንሳ፣ ከቀረው አንድ አሥረኛውን ለሕመም አስቀምጥ። ሁለቱንም ካርድ በሌለው ሌላ ሒሳብ። የተረፈውን፣ ትምህርቱ 16 ሳምንት ቢሆንም፣ በ18 አካፍለው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ምዝገባ፣ ኮፒና የጎደለ ዕቃ ስላለበት የሦስት ሳምንት ይበላል። የሳምንቱን ድርሻ ሰኞ ውሰድ። ዓርብ የወሰደ ሰው ሰኞ ባዶ ነው። በየወሩ የሚቆርጡ አገልግሎቶችን «ለአንድ ወር ነፃ» ቢሉህም ካርድህን አትስጣቸው።

እንግዲህ ከ43ቱ 11 ዕቃ ቀረልህ። ሌላውን ክፍሉን አይተህ ደውልልኝ፣ አብረን እንወስናለን። ብርድ ልብሱን ከራሴ አልጋ ላይ አንስቼ አጥቤልሃለሁ፤ «ያረጀ ነው» እንዳትለኝ፣ ከሱቁ ይሞቃል።

እናትህ

ማሳሰቢያ፦ የፍራሹን ልክ ስትልክልኝ ቁመቱንና ስፋቱን ብቻ አትለካ፣ ውፍረቱንም ለካ። ከአልጋው ሥር እስከ ወለሉ ያለውንም።