ለሴፍቲዋ ልጄ

ሕይወት የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች እንጂ ቅዳሜ ገበያ የሚቀድማት የለም።

በፋብሪካው የሠራተኛ ደህንነት ስለምትጠብቂበት ሥራሽ ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። «ሠራተኞቹ ማስክ አድርጉ ሲባሉ አይሰሙም፣ ሥራ አስኪያጁም ጥፋቱ የራሳቸው ነው ይላል፣ እኔም ሰልችቶኛል» አልሽኝ። ቶሎ ብዬ ከምመክርሽ ስለ አንዲት ሐኪም ልጻፍልሽ። አሊስ ሐሚልተን ትባላለች። ስሟን ኮርስ ላይ ሰምተሽው ይሆናል። እኔ ግን የምወደው አሠራሯን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1869 ኒውዮርክ ተወልዳ ኢንዲያና አደገች። ሕክምና ከጨረሰች በኋላ በ1897 ቺካጎ ሄዳ ሐል ሐውስ ገባች። ጄን አዳምስ የምትባል ሴት ከጓደኛዋ ጋር ሆና በስደተኞች ሰፈር መሀል የከፈተችው ቤት ነው። ከጣልያኑም ከፖላንዱም ጋር ጎረቤት ሆነች። ሰዎቹ ፋብሪካ ውለው ምን ሆነው እንደሚመለሱ በዓይኗ አየች።

የኢሊኖይ ግዛት ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፣ በ1910 ጥናቱን እሷ መራች። ለራሷ የያዘችው እርሳስን ነው፤ ቀለም፣ ባትሪና ቧንቧ ውስጥ የሚገባውን ብረት ማለቴ ነው። ፋብሪካዎቹ የታመመ ሰው ዝርዝር የላቸውም፣ ቢኖራቸውም አይሰጧትም። ስለዚህ የሆስፒታል መዝገብ ታገላብጣለች፣ መድኃኒት ሻጭ ትጠይቃለች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችን ታናግራለች፣ የሰው ቤት ታንኳኳለች። በመጨረሻ ሠራተኛን ለእርሳስ የሚያጋልጡ ከ70 በላይ የሥራ ዓይነቶች አገኘች።

አንዷን ታሪክ ልንገርሽ። አንድ ፖላንዳዊ ሠራተኛ ሆዱን ቆርጦት፣ የእጁ አንጓ ዝሎ ተንጠልጥሎ ሆስፒታል አገኘችው። የእርሳስ መመረዝ ምልክት ነው። የሚሠራው የገላ መታጠቢያ ገንዳ የሚያብረቀርቅ ልባስ በሚለብስበት ቦታ ነበር። ፋብሪካው ሄደች። «እርሳስ የሚባል ነገር አንጠቀምም፣ ግቢና እይ» አሏት። ገባች። ጥቂት ሰዎች ቀለም ይቀባሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ግራ ገባት። እዚያው ብታቆም ሪፖርቷ «ችግር የለም» የሚል ይሆን ነበር። እሷ ግን የሰውዬውን ቤት ፈልጋ ሄደች። ያየሽው የማጠናቀቂያውን ሥራ ነው፣ ዋናው ሥራ ራቅ ያለ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው አላት። እዚያ የልባሱን ዱቄት በጋለው ገንዳ ላይ ይነሰንሱታል፣ አቧራውን ደግሞ ይተነፍሱታል።

ሕይወት፣ አንቺስ ያሳዩሽ የትኛውን ክፍል ነው?

ያኔም አሠሪዎች የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ሠራተኛው እጁን አይታጠብም፣ ለዚያ ነው የሚታመመው»። ሐሚልተን ይህን አልተቀበለችም። መርዙ በብዛት የሚገባው በትንፋሽ ነው፣ አቧራውንና ጭሱን አጥፉ አለች። እኔ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ በነበርኩበት ጊዜ እኛም የእርሳስ ፊደል ስንለቅም ውለን «እጃችሁን ታጠቡ፣ ወተት ጠጡ» ነበር የምንባለው። ወተቱ ለሆድ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ሳንባ የገባውን አቧራ ግን ወተት አያጥበውም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል አልነበረንም፣ በዚያው ካፖርት ቤት ገብተን እናንተን እናቅፍ ነበር። ዛሬም ወተት አድለው የተገላገሉ የሚመስላቸው አሉ።

አለቆችን የያዘችበት መንገድም ይገርመኛል። በ1911 ለፌዴራል መንግሥት ማጥናት ስትጀምር ደመወዝ አልነበራትም። ሪፖርቱ ሲያልቅ መንግሥት ይገዛዋል ነው የተባለችው። ፋብሪካ የመግባት ሥልጣንም የላትም፣ በለማኝ አንደበት ነው የምትገባው። ቺካጎ ውስጥ የእርሳስ ቀለም የሚያመርተው የናሽናል ሊድ ኩባንያ ኃላፊ ኤድዋርድ ኮርኒሽ ሠራተኞችህ እየተመረዙ ነው ስትለው ተቆጣ፣ አላመነም፣ ማስረጃ አምጪ አላት። 22 ታማሚዎች ቆጥራ አመጣችለት። ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ። አቧራና ጭስ የሚቀንስ ሥራ አሠራ፣ ሐኪም ቀጠረ፣ ያውም ሕግ ሳያስገድደው። ሁሉም አለቃ ኮርኒሽ ነው አልልሽም። ግን ማስረጃ ሳትይዢ የትኛው ኮርኒሽ እንደሆነ አታውቂም።

በ1919 ሐርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር አድርጎ ወሰዳት። ወደ መምህራን ክበብ እንዳትገባ፣ ለምረቃ ሰልፍ እንዳትወጣ፣ የኳስ ትኬትም እንዳትጠይቅ ብሎ ነው ታዲያ። የኳስ ትኬት! በ1935 ጡረታ ስትወጣም ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበረች።

የተሸነፈችበትም አለ። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤንዚን ላይ የሚጨመረውን እርሳስ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። በ1925 ዋሽንግተን በተጠራው ጉባኤ «ይህ ነገር ይቁም» ብላ ተከራከረች፣ አልሰሟትም። ነዳጁ ዓለምን አዳረሰ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የተገላገለው በ2006 ገደማ ነው፣ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021። ስንት ትውልድ ተነፈሰው!

በመስከረም 1970 በ101 ዓመቷ አረፈች። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤና ሕግ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተፈረመ። አላየችውም።

እኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለን፣ አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መልቀቅ ከፈለግሽ ልቀቂ፣ የሚቆጣሽ የለም። ከዚያ በፊት ግን ማስክ ያወለቁትን ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጠሽ አናግሪያቸው። ሙቀቱ ነው? ማስኩ ትንፋሽ ይከለክላል? ስንት ቀን ነው አንዱን የሚያደርጉት? የሌሊት ሽፍቱንም አንዴ ሄደሽ እይው፣ የቀለም ዱቄቱ የሚራገፈው ያኔ ነው ብለሽኝ የለ። የታመመ ካለ ቀኑንና ክፍሉን ጻፊ።

ለበዓል ስትመጪ ያገኘሽውን ትነግሪኛለሽ። እናትሽ በርበሬ አስፈጭታልሻለች፣ ባለፈው የወሰድሽውን ማስቀመጫ ይዘሽ ነይ ብላለች።

አባትሽ