ክዳኑ ግን አለ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለእህት ዓለም፦

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለጥምቀት ስትመጡ ጣና ዳር ዓሣ የምንጠብስበት ከሁለቱ ማብሰያ የቱን ልግዛ ብለሽ ከነፎቶው የላክሽው መልእክት ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ስትደውዪ ሳላነሳ ያለፍሁትን ከቆጠርነው ደግሞ ሁለት ዓመት ሞላ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ አታምኚኝም፣ ታውቂኛለሻ። እንግዲህ ከሥሩ ልንገርሽና ስለጠየቅሽኝ ማብሰያ ከዚያ እናወራለን። ለነገሩ ሁለቱም አንድ ወሬ ናቸው።

በ2012 ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ አደራ ብለሽ የተውሽልኝ ያ ክቡ የከሰል መጥበሻ፣ ወንድምሽ ከዱባይ ያመጣልሽ፣ የለም። አልተሰረቀም፣ አልሸጥሁትም። የልጄ የምረቃ ዕለት ዓሣ ጠበስንበት፤ ሐምሌ ነበር። እንግዳ ስሸኝ መሸብኝና ነገ አጥበዋለሁ ብዬ ከነአመዱ ማንጎው ሥር ተውሁት። ነገ የተባለው ቀን መስከረም ላይ መጣ። የባሕር ዳርን ክረምት የምታውቂው ነው፤ አመድ ደግሞ ውሃ ከጠጣ ብረት ይበላል። ላነሳው ስል ታቹ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ በጠራ ቁጥር የሚታየኝ ያ ቀዳዳ ነው። አደራ በላሁ ብሎ መናገር ከበደኝና ዝም አልሁ። ዝምታውም ወለድ እየወለደ ሄደ።

በይ አሁን ወደ ፎቶዎችሽ። ሁለቱንም አስፍቼ አይቻቸዋለሁ።

ያቺ ሻንጣ የምትመስለው የጋዟ ታምራለች፤ እኔም አንድ ሰሞን ዓይኔ ገብታ ነበር። ግን በአውሮፕላን ነው የምንመጣው ብለሻል፤ ጣሳ ጋዝ ደግሞ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ውስጥ አያሳልፉልሽም። እዚህ ደርሼ እገዛለሁ ብትዪ ሱቆቻችን አንድ ቀን ቢኖራቸው ሌላ ቀን የላቸውም። ባለ 220 ግራሙ ጣሳ እሳቱን ሙሉ ከለቀቅሽው ሰዓት ተኩል ቢያቆይሽ ነው፤ ለስድስት ሰው ዓሣ ምን ያደርጋል?

ከሁሉ ግን የምፈራው ነፋሱን ነው። ጠዋት ጣና ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ከውሃው ይነሳል። አምና ከጎረቤቶቻችን ጋር የሰው የጋዝ ምድጃ ይዘን ደንገሉ ዳር ሰፍረን ነበር። እሳቱ ወደ ጎን እየተጋደመ ድስቱ አልሞቅ ሲል፣ አንድ ጎረምሳ ምድጃውን በካርቶንና በፎይል ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ ከለለው። እሳቱማ ቀጥ አለ፤ ሙቀቱ ግን መውጫ አጥቶ ወደ ጣሳው ዞሯል። ጎኑን ብነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ፈጀኝ። አጥፉት ብዬ በጮኽሁት ጩኸት እስካሁን ይስቁብኛል፤ ይሳቁ! የጋለ ጣሳ ሲፈነዳ የሚተርፍ ሳቂ አይኖርም ነበር።

ልጆቹ ስሜን ተራራ እንውጣ ይላሉ ላልሽውም እንደዚሁ ነው። እዚያ የሚሰፈርበት ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱ አይቀርም። ቡቴን ብቻ የተሞላ ጣሳ ብርዱ ዜሮ ገደማ ሲደርስ ይለግማል፤ ብትነቀንቂው ፈሳሹ ውስጡ ይሰማሻል፣ እሳት ግን አይሰጥሽም። ለዚያ አገር ፕሮፔን የተቀላቀለበት ነው የሚፈለገው። ለእኛ ባሕር ዳርስ ብርዱ ሰበብ አይሆንም።

ሁለተኛዋ፣ እንደ መጽሐፍ የምትታጠፈው የከሰሏ፣ ለመያዝ ቀላል ናት፤ ቅለቷ ነው ጉዷም። ላሜራዋ ስስ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጋለች ትጣመማለች። ከፍርግርጉ እስከ ከሰሉ ያለው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም፤ የምንጠብሰው የቆሮሶ ዓሣ ቆዳው አርሮ እሾኹ ዙሪያ ጥሬ ይሆናል። እግሮቿ እንደ ሚስማር ቀጥነዋል፣ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣሉ። ያ የሚያብለጨልጨው ፍርግርግ ዚንክ የተነከረ ከሆነም ምግብ አይቀመጥበትም፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ደግሞስ ቡናውን የት ልናፈላው ነው? ፍርግርጉ የማይነሳ ማብሰያ ለእኔ ማብሰያ አይደለም፤ ጀበና ከሰሉ ላይ መቀመጥ አለባት።

ስለዚህ አትግዢ። አሠርቻለሁ።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ በያጅ ሄድሁ። መጀመሪያ ከመኪና ቸርኬ ላውጣልሽ አለኝ፤ ቸርኬ ለሥጋ ቤት እንጂ ለተሸካሚ አይሆንም ብዬ እንቢ አልሁት። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ክብ አድርጎ ቆረጠልኝ፤ ወርዱ 37 ሳንቲ፣ ከከሰሉ እስከ ፍርግርጉ አንድ ስንዝር የማይሞላ። ፍርግርጉ ባለ 6 ሚሊ ቶንዲኖ ነው፣ ይነሳል። አየር የምታስገባ ተንሸራታች መስኮት ከታች አላት፤ ነፋስ ሲበረታ ትዘጊያታለሽ፣ ሲያንስ ትከፍቻታለሽ። እግሩ ሦስት ነው፣ እንደ ጉልቻ፤ ባለ አራት እግር ደንጊያ ላይ ሁልጊዜ አንዱ እግሩ አየር ላይ ነው። ልቀበለው ስሄድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ውስጡን ሳይቀር ጥቁር ቀለም ቀብቶት ጠበቀኝ! እንዲያምርልሽ ብዬ ነው ይላል። ቀለሙን አስፈግፍጌ፣ ባዶውን ሁለት ጊዜ ከሰል አንድጄበት፣ ዘይት አሸሁት። አሁን መልክ ይዟል። ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ ነው፣ አልዋሽሽም፤ ከመኪናው እስከ ውሃው ዳር ልጆችሽ ይሸከሙታል።

ከሰሉን ለእኔ ተዪው፤ ከአዊ የሚመጣውን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አንድ ማዳበሪያ ገዝቻለሁ። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ የጥምቀት ዕለትም ታቦቱን ስንሸኝ ስለምንውል ጥብሱ ለቃና ዘገሊላ ይሁን። ዓሣውን ጠዋት ከአስጋሪዎቹ ላይ እንገዛለን፣ ቆሮሶ። አምባዛ ቢረክስም አልገዛም፤ እናቴ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ቤቷ አታስገባም ነበር፣ እኔም እንዲሁ ቀረሁ። አንቺ ሎሚና ሚጥሚጣሽን ይዘሽ ነይ፤ የአንቺን ሚጥሚጣ የሚያህል እዚህ አላገኘሁም።

ድንኳን ተክለን እናድራለን ካላችሁ ግን አንድ ነገር ከአሁኑ እንማማል፦ ብርዱ ምን ቢጸና፣ ከሰሉ ምን ቢከስም፣ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ጭሱ ሲጠፋ አደጋው የጠፋ ይመስላል፤ ሰው የሚገድለው ያ የማይሸተው የከሰል መርዝ ነው። ልጆቹ ብርድ ልብስ ይደርቡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዱባዩ መጥበሻ ክዳኑ ተርፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዶሮዎቼ ውሃ ሲጠጡበት ኖሩ። በያጁ ጋ የሄድሁት እሱን ይዤ ነው፤ አዲሱን የቆረጠው በክዳኑ ልክ ነው፣ ሲገጥም ቀጭ ይላል። ልጅሽ ከደረጃ የለቀቀው ጊዜ እጀታው ሥር የወጣችው ጭረት፣ አንቺ በጥፍር ቀለም የሸፈንሻት፣ ቀይነቷ እስካሁን አለ።

የበረራሽን ሰዓት ላኪልኝ። ስትደውዪ አነሳለሁ።

እህትሽ