ደብዳቤ ለልጄ፦ ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ አታንሺ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ «ክንዷ ድኗል፣ ቅዳሜ ትጫወታለች» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። የክንድሽ ትርፍ ቆዳ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ከተሰፋሽ ዛሬ 19ኛ ቀንሽ ነው፤ ቅዳሜ ገና 22 ይሆናል። መረብ ኳስ ደግሞ ክንድ ከራስ በላይ ሳይነሣ የሚጫወቱት ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ አታንሺ።

ቁስሉ ገጥሞ፣ ቅርፊቱ ረግፎ ስታዪው ያለቀ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። የገጠመው ግን ላይኛው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሰፋ ቆዳ ጥንካሬ ካልተነካ ቆዳ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። 80 በመቶ የሚደርሰው ሦስት ወር ግድም ነው፤ መቶ ግን መቼም አይሞላም። ያንቺ ስፌት ከብብትሽ እስከ ክርንሽ ይወርዳል፤ ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ ስለወጣ የቀረው ተወጥሮ ነው የተያያዘው። ክንድሽን ወደ ላይ ስትሰነዝሪ ውጥረቱ ብብት ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ላብ አለ፣ እጥፋት አለ፣ መፋተግ አለ። ይህ ዓይነት ስፌት ሲለቅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ የሚጀምረው ለዚህ ነው። አንዴ ከለቀቀ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሶ አይሰፋም፤ እየጸዳና እየታሸገ ከሥር ወደ ላይ እስኪሞላ ሳምንታት ይጠበቃል፣ ጠባሳውም ሰፍቶ ይቀራል።

«ምንም አያመኝም» ብለሻል አሉ። የኔ እናት፣ አለማመሙን አትመኚው። ከክንድሽ ውስጥ አንስቶ ከክርን በታች ድረስ የደነዘዘሽ ትንንሾቹ የቆዳ ነርቮች በቀዶ ሕክምናው ስለተነኩ ነው። ስሜቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ እስከዚያ ግን ሕመም «በቃሽ» ብሎ አያስጠነቅቅሽም። በዚሁ ምክንያት በረዶም ሆነ ሙቅ ውሃ የያዘ ነገር በቀጥታ አታስቀምጪበት፤ ሳታውቂው ይጎዳሻል።

ቁርጭምጭሚትሽን ታስታውሻለሽ አይደል? 15 ዓመትሽ ነበር። እብጠቱ ጎደለ ብለሽ በ10ኛው ቀን ሜዳ ገባሽ፣ እንደገና ዞረብሽ፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳ ትይዢ ነበር። ያኔም «አያመኝም» ነበር ያልሽው። ቃል በቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር። ይህን ቀዶ ሕክምና ልታደርጊ እንደሆነ ስትነግሪኝ «ማን ያየዋል?» አልኩሽ። ያን ሁሉ ክብደት ቀንሰሽ፣ የተረፈው ቆዳ እየተንጠለጠለ፣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሰሽ ስትጫወቺ ስንት ዓመት እያየሁሽ! ያን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ደስ ባለኝ። አሁን የምቆጣሽ ክንድሽን ስለምንቅ አይደለም።

እንግዲህ የሚቻለውን ልንገርሽ፤ የራስሽ ቀዶ ሐኪም ሌላ ካለ የእሱ ቃል ይቅደም። በእግርሽ ሂጂ፣ በየቀኑ፣ ግማሽ ሰዓትም ከዚያም በላይ። ይህ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ይረዳል። የጂም ብስክሌት ከፈቀደልሽ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አሳርፈሽ ንጂ እንጂ መሪው ላይ አትደገፊ። ትንፋሽሽን ይዘሽ አትግፊ፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ገና የተዘጋ የደም ሥርም ሊያፈስ ይችላል። ከ2 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር አታንሺ፤ ቦርሳሽም ይመዘናል፣ የሚከብድ በር መግፋትም ያው ነው። ከአልጋ ስትነሺ በክንድሽ ተመርኩዘሽ ሳይሆን ወደ ጎን ዞረሽ፣ እግርሽን አውርደሽ ተነሺ።

አታንሺ ማለቴ ከጎንሽ ለጥፈሽ ተቀመጪ ማለት አይደለም። እንደዚያ ያደረገ ሰው ትከሻው ይደርቅበታል፣ ያን ማላቀቅ ደግሞ ከቁስሉ ይብሳል። ክርንሽን እጠፊ ዘርጊ፣ ጣቶችሽን ጨብጪ ፍቺ፣ ትከሻሽን አዙሪ፣ ክንድሽን ቀስ ብለሽ እስከ ትከሻ ከፍታ አምጪ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። እስከ ትከሻ። ከዚያ በላይ አይደለም።

መጭመቂያውን እጅጌ እስከታዘዘልሽ ቀን አታውልቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ገና አልተጣበቀም፤ ሲንሸራተት በመሃል ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ስትጫኚው እንደ ውሃ የሚላወስ እብጠት ይሆናል፣ በመርፌ ሊቀዳ ይችላል። እጅጌው ክርንሽ ወይም ብብትሽ ላይ ከተጠቀለለ እንደ ገመድ ያንቃል፣ እጅሽም ያብጣል። አስተካክዪው። በላብ ከራሰ ወዲያው ቀይሪ፤ ሁለት ይኑርሽ።

6ኛው ሳምንት ሞልቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ በጣቶችሽ ግድግዳውን እየዳበስሽ ክንድሽን ወደ ላይ አስኪጂ፤ ሲወጠርሽ እዚያው ቁሚ። ቀላል ሩጫም ያኔ፣ እጅጌውን ለብሰሽ። ዳምቤል ከግማሽ ኪሎ ጀምሪ፣ ከ12 እስከ 15 ጊዜ፣ ቀን እየዘለልሽ። ፑሽአፕ መጀመሪያ በግድግዳ፣ ቀጥሎ በጠረጴዛ፣ መጨረሻ በወለል። ዋና ደግሞ ቅርፊት ሁሉ ረግፎ አንዲትም ቀዳዳ እስከማትቀር ድረስ አይታሰብም። ኳስ ከታች መቀበል 8ኛው ሳምንት ላይ በዝግታ ይጀመራል። ከራስ በላይ ሰርቭ ማድረግና መምታት ግን ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም በግማሽ ጉልበት፣ 10 ወይም 15 ኳስ መትተሽ ማቆም። ፑልአፕና ኳስ ለማዳን ራስን ወለል ላይ መወርወር ከሁሉም ኋላ ይምጡ።

መጠኑን የሚነግርሽ የማግስቱ ጠዋት ነው። ከክርንሽ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ሁለቱንም ክንድ በሜትር ለኪ፣ ጻፊው። በልምምድ ማግስት ካበጠ ያበዛሽው አንቺ ነሽ፤ ወደ በፊተኛው ሳምንት ተመለሺ። አንዱ ብቻ በድንገት አብጦ ከጠጠረና ካመመ፣ ትኩሳትሽ 38 ካለፈ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም መግል ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪምሽ ይይሽ። የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሲጋራውንም አውቄያለሁ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቂ። ኒኮቲን ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ተወጥሮ የተሰፋ ቆዳ ደግሞ ደም ካልደረሰው ጠርዙ ይሞታል። አንድም አትንኪ።

ለአሰልጣኝሽ ዛሬውኑ ደውዪላት፤ ቅዳሜ ሂጂና ተቀምጠሽ ነጥብ ያዢ። እነሱ ሲያሸንፉ ግን ሁለት እጅሽን ወደ ላይ ወርውረሽ እንዳትጨፍሪ። ለቀጠሮሽም ሦስቱን ጥያቄ ጽፈሽ ሂጂ፦ ፈሳሽ አለ ወይ፣ እጅጌውን መቼ ላውልቅ፣ ከትከሻ በላይ መቼ ላንሣ።

ዛሬ ማታ በደህና ብርሃን የብብትሽን በኩል ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ወንድምሽ ያንሣልሽ። አንቺ ክንድሽን ወደ ጎን እስከ ትከሻሽ ብቻ ዘርጊለት፣ እሱ ዝቅ ይበል።

እናትሽ