የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ አልተቃጠለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አየርላንድ የዘር ሐረግ ፍለጋ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን በ1922 መዝገቡ ስለተቃጠለ ከዛ በፊት ያለ ዘመድ አይገኝም ያላችሁት ልክ አይደለም፣ ሰውንም ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጣል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እኔ ቦስተን ነዋሪ ነኝ፣ የባለቤቴ ዘሮች ከአየርላንድ የመጡ ናቸው፣ ልጆቻችን በኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጠርላቸዋል በአባታቸው በኩል ግን ኮርክ ከሚባለው የአየርላንድ አውራጃ ነው የመጡት ተብሎ እዛው ያልቃል፣ ስለዚህ ነገሩን ቆፈር ቆፈር አድርጌዋለሁ።

እሳቱ እውነት ነው። ጁን 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ የነበረው የመንግስት መዝገብ ቤት ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የህዝብ ቆጠራዎች ከቁርጥራጭ በቀር ጠፉ፣ ከአንግሊካኖቹ (ቀድሞ የመንግስት ሃይማኖት የነበሩት ፕሮቴስታንቶች) የቤተክርስቲያን መዝገብም ብዙው አብሮ ሄደ። የ1861 እና የ1871 ቆጠራ ግን ቀድሞውኑ መንግስት ራሱ ያስወገደው ነው፣ የ1881 እና የ1891ን ደሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ብለው ፈጭተውታል፣ እሳቱ የሌላውንም ጥፋት ተሸክሟል። የካቶሊኮቹ መዝገብ ግን በየአጥቢያው ቄሶቹ ጋ ስለነበር ተርፏል፣ አብዛኛው ስደተኛ ደሞ ካቶሊክ ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1880 አካባቢ ያለውን ፎቶ አንስቶ ከ2015 ጀምሮ ኦንላይን በነጻ ለቆታል፣ ክርስትና የተነሳው ልጅ፣ ወላጆቹ፣ የክርስትና አባትና እናቱ ሁሉ አለበት። የክርስትና አባትና እናትን አትዝለሏቸው፣ ብዙ ጊዜ አጎት ወይ አክስት ናቸው።

የመሬቱ መዝገብ ደሞ ሌላ ሀብት ነው። ከ1823 ጀምሮ ለአስራ ምናምን ዓመት የተጻፈው የአሥራት መዝገብ አለ፣ ካቶሊኩ ገበሬ ለማያምንበት ለአንግሊካን ቤተክርስቲያን እንዲከፍል ተመዝግቦ ማለት ነው፣ ያኔ አስመራሪ ግብር ነበር ዛሬ ግን ባይኖር ምን ይዋጠን ነበር። ቀጥሎ ከ1847 እስከ 1864 የመንግስት የመሬት ግምት ኃላፊው ሪቻርድ ግሪፊዝ አገሩን በሙሉ ለግብር አስገመተ፣ ጭሰኛው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተከራየ፣ ስፋቱ፣ ግምቱ ተጽፏል፣ አንድ ጎጥ ውስጥ ሁለት ጆን መርፊ ካለ አንዳንዴ የአባቱን ስም ቅንፍ ውስጥ ይጨምሩበታል፣ ልክ እንደኛ። ችግሩ የአባወራውን ስም ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ሚስትና ልጅ የለም፣ ደሞ የተጻፈው በ1840ዎቹ የድንች ረሀብ መሀልና ከረሀቡ በኋላ ስለሆነ ቀድሞ ሞቶ ወይ መርከብ ተሳፍሮ የሄደ ሰው እዛ ላይ አይገኝም።

ጽሁፋችሁ ያልነካው ትልቁ ነገር ግን የቦታው ስም ነው። ኮርክ ብቻ ይዞ መፈለግ ዋጋ የለውም፣ አገሩ ከ60,000 በላይ ታውንላንድ የሚባሉ ትናንሽ ጎጦች ያሉት ነው፣ የሰዉም ስም መርፊና ሱሊቫን እየሆነ ይደጋገማል። አጥቢያውን ወይ ጎጡን ካላወቃችሁ የቱን መዝገብ ትከፍታላችሁ? እሱ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አየርላንድ ሳይሆን እዚሁ አሜሪካ ነው፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ፣ የዜግነት ወረቀት ላይ፣ እዚህ በተጋቡበት ቤተክርስቲያን መዝገብ ላይ። እዚህ ቦስተን ፓይለት የሚባለው የካቶሊክ ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 የጠፋ ዘመድ አፈላልጉኝ የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፣ ወንድሟን የምትፈልግ ሴት ከየትኛው አጥቢያ እንደወጣ ሳይቀር ታስጽፋለች፣ ከማንኛውም መዝገብ በላይ እሱን ሳነብ ነው ሆዴ የሚባባው።

ስለ ክፍያ ድረገጾች ብዙ ጽፋችኋል፣ ግን የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ሙሉ በሙሉ ተርፎ በነጻ ይታያል፣ ግሪፊዝም በነጻ ነው፣ ዘሩ ከሰሜኑ ስድስት አውራጃ (ዛሬ ሰሜን አየርላንድ ከሚባለው) ለሆነ ሰው ደሞ ከግሪፊዝ በኋላ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እየተሰረዘ የተጻፈበት መዝገብ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በቤልፋስቱ መዝገብ ቤት ድረገጽ ላይ አለ፣ እሱንም ያለ ክፍያ ነው የሚያዩት።

አንባቢያችሁ ከቦስተን