የግብርና ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ የጫጩቶቹ ነገር

የግብርና ክበባችን ዘንድሮም ጎመን ዘርቷል፣ ቀይ ሥር ነቅሏል፣ ኮምፖስት አብስሏል። ጎመኑን መምህራን ገና ከመደቡ ሳይነሳ ነው የተቀራመቱት። ይሁን እንጂ በግቢው ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጫጩቶቹ ነውና እኔም ወደዚያው ልለፍ።

ጫጩቶቹ የመጡት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ወሩን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ወቅት ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። የአንድ ቀን ጫጩት ግን ተራ ሲደርስ የሚወሰድ ነገር ነው፤ ወር አናማርጥም። ኮኮክ የሚባሉት ነጠብጣብ ዝርያዎች በካርቶን ሆነው መንገድ ላይ ውለው፣ ማታ በብርድ ደረሱ። ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ የአስኳሉን ቅሪት ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚወጣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ለብርድ ግን ስንቅ የለውም። ላባው ገና አልወጣም፤ የገላውን ሙቀትም በራሱ መጠበቅ አይችልም።

በማግስቱ አይደለም፣ በሦስተኛው ቀን ነው ነገሩ የታየው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ውሃ ስትቀይር ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ይቺኛዋ ኋላዋ ተዘግቷል» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። ጫጩቷን ገልብጬ ሳይ ከጅራቷ ሥር ኩሱ ደርቆ፣ ከለስላሳው ፀጉር ጋር ተጋግሮ፣ እንደ ሲሚንቶ መውጫውን ደፍኖታል። ሆዷ ተነፍቷል፣ ዓይኗ ይከደናል። ሌሎቹን አንድ በአንድ ስናነሳ ከአሥሩ አንዱ ያህል እንደዚያው ሆነ። ሳቁም ቆመ።

ይህ የጫጩት ችግር በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ብርድ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ካልሆነ ብዙም አይታይም። ኩስ መውጫ ካጣ ጫጩቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። መፍትሔው ደግሞ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ከመምህራን ሻይ ቤት ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ ለመንን፤ በሳፋ ከቀዝቃዛው ጋር ደባልቀን በክርናችን ለካነው፤ ለብ ማለት አለበት እንጂ መፋጀት የለበትም። ጫጩቷን በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ ይዞ፣ ጣት ደረቷን ሳይጫን፣ ኋላዋን ብቻ ውሃው ውስጥ መንከር። ቸኩሎ መንቀል ክልክል ነው፤ ፀጉሩ ከነቆዳው ይላጣልና ይደማል። ደም ካየ ደግሞ ጓደኛው ሁሉ እየመጣ ይወጋታል። ቅርፊቱ በውሃው እስኪረጥብ መጠበቅ፣ ከዚያ በጥጥ ቀስ እያሉ ወደ ታች ማባበስ። የመጀመሪያዋን ጫጩት ያጠበችው ያችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ቅርፊቱ ተላቆ እንደወጣ ጫጩቷ መዳፏ ላይ የታፈነውን ሁሉ ለቀቀችው። ልጅቷ እጇን አልሸሸገችም፤ «ተገላገለች» ብላ ብቻ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ከማጠቡ ይበልጣል። የረጠበ ጫጩት በእኛ አገር ብርድ ይሞታል፤ ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ታብሶ፣ የማሞቂያው አምፖል ሥር ለብቻው ሆኖ፣ ፀጉሩ እስኪነፋ ድረስ ወደ ወገኖቹ አይመለስም። መውጫው ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀባል፤ ኩሱ ዳግም እንዳይጣበቅ። አንድ ነገር ልጆቹን ደጋግሜ አስጠንቅቄአለሁ፦ ከመውጫው በታች፣ ሆዱ ላይ ያለች ትንሽ የደረቀች ነገር እትብት ናት። ቆሻሻ መስላቸው የሚጎትቷት ብዙ ናቸው፤ ያኔ ጫጩቱ ቁስለኛ ይሆናል።

በዚሁ ጊዜ አንድ ወላጅ መጥተው «ቴራማይሲን በጥብጡላቸው» አሉን። ለክፋት አልነበረም፤ ጫጩት ካኮረፈ ውሃው ውስጥ የሚበተን ዱቄት መግዛት በከተማችን ልማድ ሆኗል። ልጆቹም ከክበቡ ሣጥን ገንዘብ ይውጣ ብለው ሊወስኑ ነበር። እኔ ግን አልተስማማሁም። ብርድ የዘጋውን አንቲባዮቲክ አይከፍተውም። ነጩ ተቅማጥ የሚባለው፣ ከእናቲቱ በእንቁላሉ በኩል የሚተላለፈው የሳልሞኔላ በሽታ ሲሆን እርግጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔም ኩሱ ይጣበቃል። ልዩነቱ ግን ይታያል። የበረደው ጫጩት ከታጠበና ከሞቀ በኋላ ሮጦ ይጭራል። የታመመው ከታጠበም በኋላ ክንፉን ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፤ ሌሎቹም በየቀኑ ይረግፋሉ። ያንን የሚለየው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ዱቄት ሻጭ አይደለም። የእኛዎቹ ሮጡ።

ስለዚህ ሥራው ወደ ሙቀቱ ዞረ። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ልጆቹ ቴርሞሜትሩን ማንበብ ቢወዱም፣ ጫጩቶቹን ማንበብ እንደሚሻል ቶሎ ገባቸው። አምፖሉ ሥር ተቆላልፈው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ወደ ካርቶኑ ጠርዝ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ መጠን ያለፈ ሙቀትም እንደ ብርዱ ኩስ ያጣብቃል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተከመሩ በሌላው ጎን ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የኛን ቀዳዳ ያገኙት ጫጩቶቹ ናቸው፤ በመስኮቱ ሥር ነበር።

መብራት ሲጠፋስ? ይሄ ጥያቄ ነው የእንጨት ሥራ የሚወዱትን ልጆች ወደ ክበባችን ያመጣው። ግብርና ኮሌጆች ለገበሬው ሲያስተዋውቁት የቆዩትን የሣር ሣጥን ሠሩልን፦ ሁለት ሣጥን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ በመሀሉ የታጨቀ ድርቆሽ፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ያሞቁታል። ከሰል ማንደድ ያማራቸው ነበሩ፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ጫጩቱንም ጠባቂውንም እንደሚገድል ስለነገርኳቸው ተዉት። የሌሊት ጥበቃችን ግን ምስጋና ይድረሳቸው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሣጥኑን የሚከድኑት እሳቸው ነበሩ። ልጆቹ «ጋሼ የጫጩት አባት» ይሏቸዋል።

የቀረውን ባጭሩ። የፈንግል ክትባቱን፣ ቢሾፍቱ የሚመረተውን፣ የወረዳው ባለሙያ በዓይን ጠብታ ሰጡልን፤ ሁለተኛውን ዙር በመጠጥ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ስለሚያበላሸው የጉድጓድ ውሃ አስቀዳን። በጥር ወር ውሃ መጠጫው ሥር ጉዝጓዙ ረጥቦ ጥቂቶቹ የደም ተቅማጥ ያዛቸው፤ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ባለሙያው የዚሁን መድኃኒት፣ አምፕሮሊየምን፣ አዘዙ፣ ገዛን፣ ጉዝጓዙንም ሙሉ በሙሉ በደረቅ ሰጋቱራ ቀየርን። ለመድኃኒት ገንዘብ ያወጣነው ለዚህ ብቻ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብና ጫጩት አለመሳም የክበቡ ሕግ ሆኖ ቀጥሏል፤ ሁለተኛውን ለማስከበር ከመጀመሪያው ይልቅ ተቸግሬአለሁ።

አውራዎቹ ለፋሲካ ተሸጡ። በሑዳዴ መጨረሻ የዶሮ ዋጋ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ገንዘቡ በክበቡ ሒሳብ ገብቷል፤ ደረሰኙ በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገኛል። ቄቦቹ ግንቦት ላይ እንቁላል መጣል ጀምረዋል።

ለ2018 ዓ.ም ጫጩቶቹ ከኅዳር ይልቅ የካቲት መጨረሻ እንዲመጡልን ጠይቀናል። ሁለተኛ ሣጥንና አንድ ተጨማሪ ቴርሞሜትር እንፈልጋለን። መመዝገብ የምትፈልጉ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ታገኙኛላችሁ፤ የሌሊት ተረኛ መሆን የማይችል ግን አስቀድሞ ይንገረኝ።