ስለ አንዲት ፔዳል ለወዳጄ የጻፍሁት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ መክረሜ ያሳፍረኛል፤ ይቅርታህን እየለመንኩ፣ ስድቡን ግን በአካል ስንገናኝ እንድትጨርሰው አቆይልኝ። ናፍቆቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ጉዳይ ነው፤ «ድሮም ጉዳይ ካልገጠመህ አትጽፍም» እንደምትል አውቃለሁ።

በምሠራበት የምሽት ክበብ ጊታሬ ሶሎ በደረሰ ቁጥር በኪቦርዱና በሳክስፎኑ መሐል እየተዋጠ ስላስቸገረኝ፣ አንዲት በእግር የምትረገጥና የጊታሩን ሲግናል የምታጎለብት ባለ አንድ ማዞሪያ ቡስት ፔዳል ገዛሁ። ማይክሮ አምፕ የሚሏት የኤምኤክስአር ኩባንያ ሥራ ናት። ሲግናሉን እስከ 26 ዴሲቤል ታሳድጋለች፤ በቮልቴጅ ሲሰላ 20 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ይሁንና ከጊታሩ ቀጥሎ አስገብቻት ስረግጣት ድምፁ ከመጉላት ይልቅ ወፈረ። ጊታሩን የሚያጎላው የክበቡ ባለ ቫልቭ አምፕ አስቀድሞም የመጨረሻ አቅሙ ላይ ስለነበር፣ የተጨመረለትን ጉልበት ሁሉ ወደ ሻካራነት ለወጠው። አምፑን ንጹሕ አድርጌ፣ ማሻከሩን ለኦቨርድራይቭ ፔዳሌ ትቼ፣ ቡስቷን ከእርሱ በኋላ ሳስገባት ግን የድምፁ ጠባይ ሳይለወጥ ሶሎው ከሁሉም በላይ ወጣ፤ ሳውንድማናችን እንኳ ቀና ብሎ አየኝ፣ ይህም ከእርሱ እንደ ሽልማት ይቆጠራል።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ለፈጣኖቹ ዘፈኖች በእርግጥም አልቋል። ነገር ግን፣ ልናዘዝልህና፣ ልቤ የቀረው ቡስቷ አምፑን ስትገፋው በሰማሁት በመጀመሪያው ድምፅ ላይ ነው። በዝግታ ትዝታ ስጫወት ማዞሪያዋን ከግማሽ በታች አድርጌ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 6 ዝቅ ሳደርገው፣ በጣቴ ጫፍ የነካኋት ኖታ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ ክሩን ጠበቅ አድርጌ ስመታው ደግሞ ጠርዙ ላይ ይሻክርና ከወትሮው ረዘም ብሎ ይቆያል። ቮልዩሙን እስከ ጫፍ ከከፈትሁት ግን አምፑ ቀስ ብዬ የነካሁትንም አጥብቄ የመታሁትንም ያስተካክላቸዋል፤ ከካሴት ላይ የሰላም ስዩምን ጊታር በምንለቅምበት ዘመን አንተ ሌሊቱን ሙሉ ስትደጋግማት የምታድረው ያቺ የጣት ለውጥ ድራሿ ይጠፋል። ከሁሉ የባሰው የወፍራሞቹ ክሮች ነገር ነው፤ አምፑ ሲገፋ ይደበላለቁና ከቤዙ ጋር አንድ ጭቃ ይሆናሉ።

እንዲህ ሆኜ ነው ያንተ ትሬብል ቡስተር ትዝ ያለችኝ። የእኔይቱ ሁሉንም ድምፅ እኩል ታሳድጋለች፤ ያንተይቱ ግን፣ እንደ ናሙናዋ እንደ 1960ዎቹ የእንግሊዝ ዳላስ ሬንጅማስተር፣ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ኋላ ትታ ቀጭኑን ስለምትገፋ አምፑ ሳይጨቀይ ይሻክራል። የኩዊን ባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በቮክስ ኤሲ30 አምፑ ላይ ትሬብል ቡስተር ጨምሮ፣ ንጹሕ ድምፅ ሲፈልግ የጊታሩን ቮልዩም ብቻ ይቀንስ እንደነበር ያስተማርኸኝ አንተ ራስህ ነህ፤ ስለዚህ ለጭንቀቴ በከፊል ተጠያቂ ነህ ማለት ነው።

እንግዲህ… እንዴት ብዬ ልበለው? ጊታርህ ዋሽንግተን ከገባህ ወዲህ የግድግዳ ጌጥ ሆናለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ፔዳሏም ከእርሷ ጋር ሥራ ፈትታ ከሆነ ብታውሰኝ ምን ይመስልሃል? ስጦታ አልጠየቅሁም፤ ብትሰጠኝ ግን እምቢ አልልም። አንድ ስጋት ብቻ አለኝ፤ በእንዲህ ያሉ አሮጌ ፔዳሎች ውስጥ ያለው የጀርማኒየም ትራንዚስተር ሙቀት ሲያገኘው ጠባዩ ይለወጣል፣ ክበባችን ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ምን እንደሚመስል አንተም ታውቀዋለህ። ያንተይቱ ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ አስቸግራህ ታውቅ እንደሆነ ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

ለመላክ ከፈቀድህም ባትሪዋን አውጣና ውስጧን እይልኝ። ከእነዚህ አሮጌ ዑደቶች ብዙዎቹ ፖዘቲቩን ከግራውንድ ጋር ያገናኙ ስለሆኑ፣ ኔጌቲቩን ከሚያገናኙት ከሌሎቹ ፔዳሎቼ ጋር በአንድ አዳፕተር ልሰካት አልችልም፤ እንዲያ ከሆነች በ9 ቮልት ባትሪ ብቻ እጠቀምባታለሁ። ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካገኘህ በእርሱ እጅ ላክልኝ፤ የማዞሪያዋን ቦታ ግን አንተ እንደተውኸው ይሁን፣ አትንካው።

አክባሪ ወንድምህ