ቤቲዬ፣ ሳይክሉ ተዘጋጅቷል (ደብዳቤ ለልጄ)

ቤቲዬ የኔ ዓለም እንደምን ከረምሽ፣ እናትሽስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ "አባ እኔ የምመጣው ሱቅ ልቀመጥ አይደለም፣ በሳይክል ያን ባሕር ልዞረው ነው" ያልሽኝ ከጆሮዬ አልጠፋ ብሎኝ ይኸው ሱቁን ዘግቼ እየጻፍኩልሽ ነው። ቮይስ እልክልሽ ነበር ግን ነገሩ ብዙ ነው፣ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ እየመለስሽ ታነቢዋለሽ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚህ ኬፕ ታውን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ማርች ትልቅ የሳይክል ውድድር አለ፣ ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፣ ርቀቱ 109 ኪሎ ሜትር፣ ስንት አስር ሺህ ሰው ይወጣል መሰለሽ። አንቺም እሱን ዩቲዩብ ላይ አይተሽ ነው መሰለኝ "በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ" ያልሽው። ጉልበቱ እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ከባሕር ዳር ጢስ አባይ ደርሰሽ የምትመለሺ ልጅ ነሽ። ግን ሦስት ቀን ስጪኝ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያውን ስድስት ዓመት ያን መንገድ በእቃ መኪና ስመላለስበት ባሕሩን ዞር ብዬ አላየሁትም፣ ሐሳቤ ሁሉ ብድር፣ ኪራይና ለናንተ የምልከው ነበር። ያገለገለ ሳይክል ከገዛሁ በኋላ ነው አገሩን አገር ብዬ ያየሁት። ላንቺ ደግሞ እንዲሁ በሩጫ እንዲያልፍብሽ አልፈልግም።

አሁን ወደ መንገዱ። ይሄ ኬፕ ፔኒንሱላ የሚሉት ልሳነ ምድር ከከተማው ወደ ደቡብ እንደ ጣት ወጥቶ ባሕር ውስጥ የገባ ነው፣ መሐሉ ተራራ፣ ዙሪያው ውሃ። በምሥራቅ በኩል ፎልስ ቤይ የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ፣ በምዕራብ አትላንቲክ። የምንዞረው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፣ በምሥራቁ ወርደን በምዕራቡ እንመለሳለን። ለምን መሰለሽ፣ እዚህ መኪና የሚነዳው በግራ ነው (ይሄን አትርሺ፣ መንገድ ስታቋርጪ መጀመሪያ ቀኝሽን እዪ!) ስለዚህ በዚህ አቅጣጫ ስንዞር ባሕሩ ሁልጊዜ በኛ በኩል ይሆናል፣ ለማየት ሌይን መቁረጥ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ነፋሱ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ አለ፣ የከተማውን ጭስ ጠርጎ ስለሚወስድ ኬፕ ዶክተር ይሉታል፣ የጣናን ነፋስ አውቃለሁ ብለሽ እንዳትንቂው። በ2017 ያንን ሁሉ ሰው የሚያስተናግደውን ውድድር ያሰረዘ ነፋስ ነው፣ ሰዉ ሳይክሉን በእጁ ይዞ መቆም አቅቶት ነበር። እና ነፋሱን ጉልበት ሳለን በፊታችን እንጨርሰውና ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል። ምልክቱን ላሳይሽ፣ ከከተማው በላይ ያለው ጠረጴዛ ተራራ (ቴብል ማውንቴን) ነጭ ደመና እንደ ነጠላ ጣል ካደረገ የዚያን ቀን ነፋስ አለ ማለት ነው፣ እኔ ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ለዚህ ነው በገና ሰሞን አትምጪ የምልሽ። ያኔ እዚህ በጋ ነው፣ ነፋሱም የሚብሰው በጋ ላይ ነው። ፋሲካን ከእናትሽ ጋር ዋዪና ከዚያ ነይ፣ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ የክረምቱ ዝናብም ገና አልጠናም።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው፣ እስከ ሚዘንበርግ ድረስ ከተማ ለከተማ፣ ታክሲ የሚበዛበት ስለሆነ ከኋላዬ ሆነሽ ትከተይኛለሽ፣ ከዚያ በባሕሩ ጥግ ጥግ ካልክ ቤይን፣ ፊሽ ሁክን አልፈን ሳይመንስ ታውን እናድራለን። እዚያ ፔንግዊኖች አሉ። በ1982 በሁለት ጥንድ የጀመሩ ናቸው፣ አሁን አካባቢውን ሞልተውታል። ድምፃቸው የአህያ ነው፣ ስትሰሚው አታምኚም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ከሳይመንስ ታውን ወጥተን ወደ ስሚትስዊንክል ዳገቱ ይጀምራል። ረጅም ነው ግን የሚገድል አይደለም፣ የቤዛዊትን ዳገት ከሳይክል ሳትወርጂ የወጣሽ ልጅ በቀላል ማርሽ ታልፊዋለሽ። እዚህ ጋ ግን ዝንጀሮ አለ ልጄ። አንድ ቀን ዳገቱን ጨርሼ ሳይክሉን ድንጋይ ላይ አስደግፌ አረፍ ብዬ፣ እናትሽ በሰው የላከችልኝን ዳቦ ቆሎ አወጣሁ፣ ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ከእጄ መንጭቆ ወሰደው። ከፊቴ ሦስት እርምጃ ርቆ ቁጭ ብሎ ፌስታሉን ቀደደና አንድ በአንድ እየለቀመ ይበላል፣ እያየኝ። የእናትሽ እጅ ነበረበት፣ በርበሬው ሽታው እዚያ ድረስ ይመጣል። እንባዬ መጣ፣ አልደብቅሽም። እና እዚያ ምግብ አይወጣም፣ ቦርሳም ክፍት አይሆንም፣ ከቀረበሽ ምግቡን ትተሽለት ቀስ ብለሽ ዞር በይ።

ከዚያ የፓርኩ በር ይመጣል፣ ከፍለን እንገባለን፣ ከበሩ እስከ ኬፕ ፖይንት ጫፍ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ሜዳው በሙሉ ፊንቦስ የሚሉት ቁጥቋጦ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ሽታው ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ሰው እዚህ ሁለት ውቅያኖስ ይገናኛል ይልሻል፣ የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ነው የሚልም አለ፣ ጫፉ ግን ኬፕ አጉላስ ነው፣ ከዚህ ገና ይርቃል። እኔ ላሳይሽ የምፈልገው መብራቱን ነው። አሮጌው ለመርከቦች አቅጣጫ የሚያሳይ የመብራት ግንብ ከ1860 ጀምሮ አናቱ ላይ ነበረ፣ ከሩቅ ይታይ ብለው ነው ከፍ ያደረጉት፣ ግን ጉም ሲወርድ እሱ ራሱ ጉም ውስጥ ይገባል። በ1911 ሉሲታኒያ የምትባል የፖርቹጋል መርከብ ከታች ያለው አለት ላይ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ነው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አዲሱን የሠሩት፣ 1919 ላይ። አሮጌው ግንብ አሁንም አለ፣ እጅሽን ስታሳርፊበት ይቀዘቅዛል። ወደዚህ አገር ስመጣ የነበርኩበትን ሁኔታ እዚያ ቆሜ ልነግርሽ አስቤያለሁ፣ በደብዳቤ አልችለውም።

በስካርቦሮና ሚስቲ ክሊፍስ በኩል ኮሜትጂ ገብተን እናድራለን።

ሦስተኛው ቀን ቻፕማንስ ፒክ የሚባለው የገደል መንገድ ነው፣ ለሱ ነው ይሄ ሁሉ። ከኑርድሁክ እስከ ሃውት ቤይ 9 ኪሎ ሜትር፣ 114 ኩርባ። ሥራው በ1915 ተጀምሮ በ1922 ነው የተከፈተው፣ አለቱን ፈልፍለው ነው የሠሩት፣ እስረኞችም ቆፍረውበታል። ድንጋይ ወርዶ ሰው ገደለና በ2000 ተዘጋ፣ ድንጋይ የሚይዝ መረብና በባሕሩ በኩል ክፍት የሆነ ግማሽ ዋሻ ሠርተው በ2003 መጨረሻ ከፈቱት፣ መኪና ይከፍላል፣ ሳይክል ግን በነፃ ነው። ዝናብ ሲጥል አሁንም ይዘጋል፣ ስለዚህ ጠዋት ሳናጣራ አንወጣም። በቀስታ ነው የምትነጂው እሺ? በቀኝሽ ገደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በግራሽ ከአጭር ግንብ በኋላ ምንም የለም፣ ውሃ ብቻ፣ ታች። ኩርባው ላይ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያደረግሽ ያዢ፣ የፊቱን ብቻ እንዳትይዢ፣ መሪውን አጥብቂ፣ ነፋሱ ኩርባው ጀርባ ተደብቆ ነው የሚጠብቅሽ፣ እኔን አንዴ ከሳይክሉ ጋር ወደ መሐል መንገድ ገፍቶኝ መኪናው ለጥቂት ነው የሳተኝ። ከሃውት ቤይ ወጥተን ሱይከርቦሲ የሚባል አንድ የመጨረሻ ዳገት አለ፣ እግር ከደከመ በኋላ ስለሚመጣ ይከብዳል፣ ከሱ ወዲያ እስከ ካምፕስ ቤይ አብዛኛው ቁልቁለት ነው።

ሳይክል ይዘሽ እንዳትመጪ። ላንቺ አንድ ገዝቻለሁ፣ ካቴናውን ቀይሬ ጎማውን በአዲስ ተክቼዋለሁ፣ መለዋወጫ ካመራዳሪና መንፊያም አለ፣ ሄልሜት ብቻ ለክተሽ ከዚህ እንገዛለን። ያልጨረስኩት ኮርቻውን ነው። ትቼሽ ስወጣ 9 ዓመትሽ ነበር፣ ቁመትሽ እዚህ ደረቴ ጋ ነበር፣ ፎቶ ላይ ደግሞ ቁመት አይታወቅም። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚና እናትሽ ከመሬት እስከ እግርሽ መጋጠሚያ በሜትር ትለካሽ፣ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ እሁድ አስተካክለዋለሁ።

አባትሽ